«ገደል ይዘላል» የተባለልኝ ፈረስ ያነክሳል፤ ብሬን ላስመልስ?

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። ጠያቂያችን ከጥምቀት በፊት ደብረ ብርሃን አካባቢ ገበያ ወርደው አንድ ዳማ ፈረስ ገዙ። የፈለጉት ለዝላይ ነው፣ አሠልጥነው አዲስ አበባ ለውድድር ሊያቀርቡት። ደላላው «ይሄ ፈረስ ገደል ይዘላል» አላቸው። ፈረሱ ግን አግዳሚ እንጨት ሲያይ ቀጥ ይላል። የፊት ግራ እግሩንም ያነክሳል። «ወጌሻ አሳይቼው አልተሻለውም፤ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?» ይላሉ።

ሊችሉ ይችላሉ። ግን ደብዳቤዎ ላይ ደላላው አምስት ቦታ ተጠርቷል፣ ሻጩ አንድም ቦታ ስም የለውም። ማን ይባላል? የየት ቀበሌ ሰው ነው? የሚከሰሰው እኮ ሻጩ ነው።

ሕጉ ብዙም አያስቸግርም። ፈረስ የሚንቀሳቀስ ንብረት ነው፤ በቃልም ይሸጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል። በአንቀጽ 2289 መሠረት ደግሞ በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት አለመብቃቱም ጉድለት ነው። እዚህ ጋ ልጠይቅዎ፦ «ለዝላይ ውድድር ነው» ሲሉ ሻጩ ራሱ ሰምቷል? የደጋ ገበሬ «ይዘላል» ሲል ቦይ ይሻገራል ማለቱ ሊሆን ይችላል። ዳኛውም ይህንኑ ይጠይቅዎታል።

አሁን ወደተዘለለው ነገር ልምጣ። ግዢው ከጥምቀት በፊት ነው፤ የጻፉልኝ ከፋሲካ በኋላ። ማነከሱን መቼ አዩ? አልነገሩኝም። ወጌሻ ካሳዩት ግን ቀደም ብለው አይተዋል ማለት ነው። ደንበኞቼ ሁሌ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ጉድለቱን ያያሉ፣ «ይሻለው ይሆናል» ብለው ዝም ይላሉ፣ ቅቤ ያሹታል፣ ሁለት ቀን አሳርፈው መልሰው ይጋልቡታል። ሕጉ ግን ገዢ የገዛውን ቶሎ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ምን እንደሆነ ገልጾ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ያዛል። ዝም ያለ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል። «ለመክሰስ አንድ ዓመት አለኝ» የሚሉኝም አሉ። ዓመቱ የሚቆጠረው እኮ ካሳወቁ በኋላ ነው! ለደላላው ደውሎ መጮህ ደግሞ ለሻጩ ማሳወቅ ነው ብለው አይመኑ። ይባስ ብሎ ሲያነክስ ካዘለሉት፣ የሻጩ ጠበቃ «እኔ ጋ ደህና ነበር፣ አንተ ነህ የሰበርከው» ይልዎታል። ምን ይመልሳሉ? አይቆጡኝ፣ ፍርድ ቤት ከሚጠየቁት እኔ ብጠይቅዎ ይሻላል።

ሻጩ ሕመሙን እያወቀ ደብቆ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። የማስረዳቱ ሸክም ግን እርስዎ ላይ ነው።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳይሉ ፈረሱን ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩ። ሐኪሙ ጉዳቱ የቆየ ነው ወይስ አዲስ የሚለውን ቀን ባለበት ወረቀት ላይ ይጻፍልዎ። የወጌሻው ቃል እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ከነበረ ማስረጃውን ያውጡ። ሲገዙ አብረው የነበሩ ሰዎችን ስም ይያዙ። ሻጩን በደላላው በኩል ፈልገው በጽሑፍ ያሳውቁት፤ ቅጂው ላይ ያስፈርሙት፣ እንቢ ካለ በምስክር ፊት ይስጡት። ሽማግሌ ቢገባም ጥሩ ነው፣ ጽሑፉ ግን ይቅደም። ከዚያ ወረቀቶቹን ይዘው አቅራቢያዎ ያለ ጠበቃ ያማክሩ። እኔ በደብዳቤ ብቻ ያየሁትን ጉዳይ ያሸንፋሉ ልልዎ አልችልም።

እስከዚያው ኮርቻውን ያውርዱለት።