«አማካሪዬ አማከሩኝ» ይባላል?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፋችንን የሚከታተሉልንን መምህር በግቢያችን «አድቫይዘር» እንላቸዋለን፤ በአማርኛ «አማካሪ» መሆናቸው ነው። «አማካሪዬ ርእሱን እንድቀይር አማከሩኝ» ብዬ ብጽፍ ጓደኛዬ «መከሩኝ በል» ብሎ አረመኝ። አማካሪ ቢያማክር ምን ስሕተት አለው?

መልስ፦ ጓደኛዎ ልክ ነው። «አማከሩኝ» ካሉ መምህሩ ነገር ቸግሯቸው የእርስዎን ሐሳብ ጠየቁ ማለት ይሆናል። በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ «ሐኪምዎን ያማክሩ» ተብሎ ሲጻፍ ጠያቂው በሽተኛው ነው፤ ሐኪሙ ይመክራል። የጠየቀ አማከረ፣ የሰጠ መከረ።

ከ«ተነጋገረ» «አነጋገረ»፣ ከ«ተጫወተ» «አጫወተ» እንደሚወጣ ሁሉ ከ«ተማከረም» «አማከረ» ይወጣል። ሌላውን በጉዳዩ ውስጥ አስገባው፣ አብሮት እንዲመክር አዋየው ማለት ነው።

ግራ የሚያጋባው «አማካሪ» የሚለው ስም ነው። በቅርጹ ብንሄድ ጠያቂውን መሰየም ነበረበት፤ ልማድ ግን ለተጠያቂው ሰጠው፣ ጸናም። እንግሊዝኛው አድቫይዘር፣ ካውንስለር፣ ኮንሰልታንት እያለ የሚለያቸውን ሦስቱንም በዚህ አንድ ስም እንጠራለን። የእንግሊዝኛው ኮንሰልትም ሁለት አቅጣጫ አለው፤ በሽተኛው ሐኪሙን ኮንሰልት ያደርጋል፣ ኮንሰልታንቱም ለድርጅቶች ኮንሰልት ያደርጋል። «የማማከር አገልግሎት» የሚለው አነጋገር በዚሁ በኩል የገባ ይመስለኛል። ስም ሆኖ ተለምዷልና አልቃወመውም። ግሡ ግን ማን ጠየቀ፣ ማን ሰጠ የሚለውን በአንድ ቃል ይለያል፤ ይህን ብናጣ ከልቤ አዝናለሁ። «አባቴ መከረኝ» የሚል ልጅ ምክር ሰምቷል። «አባቴ አማከረኝ» የሚል ግን አድጓል፤ ቃሉ የሚጠየቅ ሰው ሆኗል።

«መከረ» ራሱም «እገሌን» የሚል ተሳቢ ከሌለው ፍቺው ይለወጣል። ዜናው «መሪዎቹ በድንበሩ ጉዳይ መከሩ» ሲል ተወያዩ ማለቱ ነው። «ምክር ቤት» የምንለውም ምክር የሚለገስበትን ሳይሆን የሚመከርበትን ቤት ነው፤ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የቆሙት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ስማቸውን ያገኙት በዚሁ ፍቺ ነው። «መከሩበት» ከሆነ ደግሞ ዶለቱበት ወደሚለው ይጠጋል።

ስለዚህ በጽሑፍዎ «አማካሪዬ ርእሱን እንድቀይር መከሩኝ» ይበሉ፤ ሄደው የጠየቁት እርስዎ ከሆኑ «አማካሪዬን አማከርኳቸው»፣ ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ካሰባችሁበት «ተማከርን»። መምህሩን የሚመክሩት ነገር ቢኖርዎት ግን «ልምከርዎ» አይበሏቸው፤ ከታናሽ ወደ ታላቅ ሲሆን ድፍረት አለበት። ሐሳቡ የራስዎ ቢሆንም እንኳ «አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር» ብለው ይጀምሩ።