በኵር ካለ ሁለተኛ አለ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከሞጣ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። የዶርም ጓደኛው ማቴዎስ 1፥25 ላይ «የበኵር ልጅዋን» የሚለውን አሳይቶ፣ «በኵር ካለ ሁለተኛ አለ፤ ማርያም ሌሎችንም ወልዳለች» አለው። ልጄ መልስ ቢያጣ ደወለልኝ። እኔም አጣሁ። ከዚያ ልጅ ጋር አትነጋገር ልበለው?

መልስ፦ እናቴ፣ ኧረ ይነጋገር! ጥያቄ ጠየቀ ተብሎ ጓደኛ አይሸሽም። ይቺን ጥያቄ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ። ስሕተቷ ሁሌም አንድ ነው፤ በኵርን እንደ ቁጥር መቁጠር።

ኦሪት በኵርን የምታውቀው በተከታዩ አይደለም። «ማሕፀን የሚከፍት» ነው የምትለው (ዘጸ. 13፥2)። ዘኍልቍ 18፥16 ደግሞ ጊዜውን ይቆርጣል፤ ሕፃኑ አንድ ወር ሲሞላው በአምስት ሰቅል ይዋጃል። ልብ ይበሉ፣ በአንድ ወር! በአንድ ወር ሁለተኛ ልጅ ከየት ይመጣል? ካህኑስ «ታናሹ እስኪወለድ ቆዩ» ይላል? እናቲቱ ዳግም ባትወልድም ያ ልጅ በኵር ነው።

እርስዎም አገር ቤት ያዩት ነገር ነው። ገበሬው የመጀመሪያውን እሸት ለቤተ ክርስቲያን ያመጣል። በማግሥቱ በረዶ ወርዶ የቀረውን ማሳ ቢያጠፋበት፣ የሰጠው እሸት በኵራት መሆኑ ይቀራል?

በዚያው ጥቅስ ዮሴፍ «እስክትወልድ ድረስ» አላወቃትም የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ከዚያ በኋላ አወቃት ማለት አይደለም። የዳዊት ሚስት ሜልኮል «እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ልጅ አልወለደችም» ተብሏል (2ሳሙ. 6፥23)። ከሞተች በኋላ ወለደች የሚል ሰው አልገጠመኝም።

ልጅዎ ነገ ሌላም ይጠየቃል፤ ከወዲሁ ልንገርዎ። ቆላስይስ 1፥15 ክርስቶስን «ከፍጥረት ሁሉ በፊት በኵር» ይለዋል። ይህን ይዞ «የመጀመሪያው ፍጡር ነው» የሚል አለ። 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ አርዮስን ያወገዙት ወልድን ፍጡር ስላለ ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር «ሁሉ በእርሱና ለእርሱ ተፈጥሮአል» ይላል። ታዲያ ራሱን ፈጠረ እንዴ?

እዚህ ላይ በኵር ማዕርግ ነው። እግዚአብሔር ስለ ዳዊት «በኵሬ አደርገዋለሁ» ይላል (መዝ. 88፥27)። ዳዊት ግን ከእሴይ ልጆች ታናሹ ነበር። «አደርገዋለሁ» ማለቱን ልብ ይበሉ፤ ተወልዶ ያደገን ሰው እንደገና ቀድሞ እንዲወለድ የሚያደርገው የለማ! የያዕቆብ ልጅ ሮቤል ደግሞ ቀድሞ ተወልዶ ሳለ ብኵርናው ለዮሴፍ ልጆች ተሰጠ (1ዜና 5፥1)።

በኵር የማዕርግ ስም የሆነው ብኵርና ከባድ ነገር ስለሆነ ነው። በኦሪት በኵር ከአባቱ ሀብት ሁለት እጥፍ ይወርሳል (ዘዳ. 21፥17)። በእኛ በጎጃም ርስት እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ ለወንዱም ለሴቷም ይደርስ ስለነበር ይህ ቶሎ አይገባንም። የእኛ አገር በኵር ትርፉ ታናናሾቹን መሸከም ነው፤ እኔም በኵር ነኝና አውቀዋለሁ።

ደግሞ ዕብራውያን 12፥23 ምእመናንን «የበኵራት ማኅበር» ይላቸዋል። ቁጥር ቢሆንማ ስንቱ አንደኛ ይወጣ ነበር? ልጅዎ ለፍልሰታ ሲመጣ ያን ጓደኛውንም ይዞት ይምጣ። ዘኍልቍ 18ን አብረን እናነባለን።