የአራስ ልጃችን ትንፋሽ እንቅልፍ ነስቶናል

ጤና ይስጥልኝ ሲስተር፣

አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። የመጀመሪያ ልጃችን ከተወለደች ሦስት ሳምንት ሊሞላት ነው። ቀኗን ጠብቃ ነው የተወለደችው፣ ኪሎዋም ደህና ነበር። ጡትም በደንብ ትጠባለች።

ጭንቃችን ሌሊት ነው። ትንፋሿ አንዴ ቶሎ ቶሎ ይላል፣ አንዴ ደግሞ ጭራሽ የቆመ ይመስላል። ደንግጬ ላነሳት ስል ራሷ ትቀጥላለች። አፍንጫዋም ኽር ኽር ይላል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ደግሞ ማማጥ ትጀምራለች። እግሯን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች፣ ታቃስታለች፣ ፊቷ በርበሬ ይመስላል። ፈሷ ሲወጣ ዝም ትላለች።

ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡት አማቴ «ቁርጠት ነው፤ ጤና አዳም አፍልታችሁ ጠብ አድርጉላት፣ ለጋ ቅቤም አልሷት» ይላሉ። ባለቤቴን ሽሮ ከልክለዋታል። አንዲት ጎረቤት ደግሞ «እንጥሏ ወርዶ ይሆናል፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ» አለችን። ክሊኒክ ወስደናት ሐኪሙ አዳምጦ «ደህና ናት» ብሎ ሸኘን። ምን ስናይ መመለስ እንዳለብን ግን አልነገረንም። እኔ በስልኬ ቪዲዮ ስቀርፅ አድራለሁ፤ ባለቤቴ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። የቱ ነው የሚያስፈራው?

አባት፣ ከአራት ኪሎ

ወንድሜ፣

ለባለቤትህ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። ከሁሉ በፊት ግን እንጥል የምትቆርጠው ሰው ቤታችሁ እንዳትገባ። እንጥል «ወርዶ» ሕፃን አይታመምም። ቆረጣው ግን ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ በዚህ ሰበብ ልጅ ሊሞት ይችላል። በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ወደ ትንፋሿ ልምጣ። የጻፍከው የጤነኛ አራስ አተነፋፈስ ነው የሚመስለው። ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ገና አልበሰለም። ስለዚህ አራስ ልጅ ተኝታ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ቆም ትላለች፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ተንፍሳ ትስተካከላለች። ራሷ ከቀጠለች፣ መልኳም ካልተለወጠ የሚያስደነግጥ አይደለም። ዛሬ ማታ ቪዲዮውን ተወውና ቁጠር። ተኝታ ወይም ተረጋግታ ሳለ ልብሷን ገለጥ አድርገህ ሆዷ ከፍ ሲል እያየህ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት እዚህ አይሠራም፣ ትንፋሿ ወጥ አይደለማ። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ይሆናል። 60 ወይም ከዚያ በላይ ካገኘህ ትንሽ ቆይተህ ድገመው። አሁንም ያው ከሆነ ሐኪም ይያት።

ከቁጥሩ ሌላ ደረቷን እይ። በየትንፋሹ ከጎድኗ በታች ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚል ከሆነ፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ የሚሰፋ ከሆነ፣ ወይም ትንፋሽ ባስወጣች ቁጥር የምታቃስት ከሆነ ለመተንፈስ እየተቸገረች ነው። ይሄኛው ማቃሰት ከማማጡ ይለያል፤ የማማጡ መጥቶ ይሄዳል፣ ይሄኛው ትንፋሽ በትንፋሽ ይከተላል። ከእነዚህ አንዱን ካየህ፣ ወይም ትንፋሿ ከ15 ሰከንድ በላይ ከቆመ፣ ከንፈሯ ወይም ምላሷ ከጠቆረ፣ ጡት እንቢ ካለች፣ ከዛለች፣ ካንቀጠቀጣት፣ ሙቀቷ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ ጠዋትን አትጠብቅ። እጅና እግሯ ብቻ ብርድ ሲነካት ሰማያዊ ቢል ግን አትሸበር። ከአራት ኪሎ የካቲት 12ም ጥቁር አንበሳም ሩቅ አይደሉም። ራይድ ጥራ፣ ካጣህ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ አለ።

ኽርኽርታው የአፍንጫ ነው። አራስ ልጅ በዋናነት የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው፤ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ንፍጥ እንኳን ትልቅ ድምፅ ያወጣል። ከፋርማሲ የጨው ውሃ የአፍንጫ ጠብታ ግዛና ከመጥባቷ በፊት አንድ አንድ ጠብታ አድርግላት። ቅቤም ዘይትም አፍንጫዋ ውስጥ አይግባ። ባይሆን ጭሱን ቀንሱ። አራስ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቡና ይፈላል፣ ከሰል ይያያዛል፣ እጣን ይጨሳል፤ መስኮቱ ደግሞ «ብርድ ይመታታል» ተብሎ ተዘግቷል። የከሰል ጭስ ለእናቲቱም አይሆንም። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ። ልጅቷ በጀርባዋ ትተኛ፣ ፊቷም በነጠላ አይሸፈን።

ሆዷን በተመለከተ አማትህ ግማሹን አውቀዋል። ሆዷ በእርግጥ ያስጨንቃታል፤ ግን መድኃኒት የሚፈልግ ሕመም አይመስልም። ሰገራ ለማውጣት ሆድን እየገፉ ታችን መልቀቅ ይፈልጋል፣ አራስ ልጅ ደግሞ ሁለቱን ገና አላስማማችም። ስለዚህ 10 ደቂቃ አምጣ ያወጣችው ለስላሳ ሰገራ ከሆነ ድርቀት አይደለም። ጤና አዳሙም፣ ቅቤውም፣ የስኳር ውሃውም እስከ 6 ወር ይቅር፤ የእናቷ ጡት ይበቃታል። ሽሮውን ለባለቤትህ መልስላት። የሽሮ ጋዝ ወደ ጡት ወተት አይገባም፣ እሷም ስትራብ አትኑር።

አማትህን ግን በክርክር አታሸንፋቸውም፣ ሥራ ስጣቸው። ከጠባች በኋላ ትከሻቸው ላይ አድርገው ያስገሷት። እጃቸውን አሙቀው ሆዷን የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ያሹላት፣ እግሯንም ብስክሌት እንደምትነዳ ያንቀሳቅሱላት። ይህን ከአንተ የተሻለ ይችሉበታል። ወተቱ ሲበዛባት እየታነቀች አየር የምትውጥ ከሆነ ደግሞ ባለቤትህ ወደ ኋላ ጋደም ብላ ታጥባት።

ሆዷ ተነፍቶ ጠጠር ካለ ወይም ሰገራዋ ላይ ደም ካለ ሐኪም ጋ ውሰዳት። አረንጓዴ ካስታወከች ደግሞ እዚያው ሌሊቱን ሆስፒታል ነው። ከጠባች በኋላ በተደጋጋሚ እየተወረወረ የሚወጣ ትውከትም በዚህ ዕድሜ ይታያልና ችላ አትበለው።

ልቅሶዋ ወደ 6 ሳምንት ሲጠጋ ሊብስ ይችላል፣ በ3 ወይም 4 ወር ይረግባል። ትዕግስትህ ካለቀ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ አስተኝተህ ከክፍሉ ውጣ፤ ሕፃን ፈጽሞ አይነቀነቅም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የባለቤትህ ለቅሶ ነው። ከወለደች ሁለት ሳምንት አልፏት አሁንም የምታለቅስ ከሆነ የድካም ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት አለ። ሌሊቱን ተከፋፈሉት፣ አማትህም አንዱን ፈረቃ ይያዙ። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱና ልጅቷን አስመዝኑ፣ ባለቤትህም ስለ ራሷ ለብቻዋ ትነጋገር። ቪዲዮውን ለሐኪሙ አሳየው፤ ደረቷ ተገልጦ የተቀረፀ ካለህ እሱ ይሻላል። የሽንት ጨርቋ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ እየረጠበ ኪሎዋም እየጨመረ ከሆነ፣ የ6 ሳምንት ክትባቷ ሲደርስ እንደገና አስመዝናትና ጻፍልኝ።