አሟሚው ሄዶ ሥራው ሲቀር፦ ስለ ኦርጋኒክ ሶላር ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ላይ ስለ ኦርጋኒክ የፀሐይ ሴል ካወራን ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም። አንድ ላይ ልመልስ። የድሬ ልጆች ነንና አንቱታው ይቅርብን።

ጥያቄ፦ አቦ፣ እኔ መጋላ የምሸጠው ሶላርና ያንተ ልዩነታቸው ምንድነው?

የአንተ ከሲሊከን የተሠራ ነው። የኔው ከካርበን ከተሠሩ ፖሊመሮች (እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠሉ ረጃጅም ሞለኪውሎች) እና ከትናንሽ ሞለኪውሎች ነው፤ አሟሚ በምንለው ፈሳሽ ሟሙተው እንደ ቀለም ይቀባሉ። ብርሃን የሚውጠው ንጣፍ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ብዙ መቶ ጊዜ የሳሳ።

ጥያቄ፦ አሟሚው ተንኖ ያልቃል። ከሌለ እንዴት ቅርጹን ይወስናል? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከሐረር)

ዋናውን ነገር ነው የያዝሽው። ብርሃን ሲገባ ኤሌክትሮኑ ወዲያው ነጻ አይወጣም፤ ትቶት ከተነሣው ክፍት ቦታ ጋር ተቆራኝቶ ይጓዛል። ጥንዱን ኤክሳይቶን እንለዋለን። 10 ናኖሜትር ገደማ ሄዶ ኤሌክትሮን ሰጪው ቁስና ተቀባዩ ቁስ የሚገናኙበት ድንበር ካልደረሰ ይከስማል። ስለዚህ ሁለቱ ቁሶች በጣም ተቀራርበው መሰባጠር አለባቸው። ግን እንደ ዱቄት ተደባልቀው ከቀሩም አይሆንም፤ ድንበሩ ላይ የተለያዩት ኤሌክትሮንና ክፍት ቦታ እስከ ኤሌክትሮዱ (ኤሌክትሪኩ ከሴሉ የሚወጣበት ጫፍ) የሚደርሱበት ያልተቆረጠ መንገድ ያስፈልጋል። ይህን መረብ በእጁ የሚሠራው ሰው የለም። አሟሚው እየተነነ ባለባት ጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ራሳቸው ይደራጃሉ፤ ፈሳሹ ሲያልቅ በያሉበት ይቆማሉ።

ቤት ሞክሪው። ጨው በውሃ በጥብጪና ሁለት ሳህን ላይ አድርጊ፤ አንዱን ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ጥላ ውስጥ። ፀሐይ የመታው ደቃቅ ይሆናል፣ ጥላ ያለው ጎላ ጎላ ያለ ክሪስታል ያወጣል። ውሃው ከሁለቱም ሄዷል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቀስ ብሎ የሚደርቀው ሁልጊዜ ይሻላል?

አይሻልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ስለሚፈላ በሰከንዶች ይደርቃል፤ የፖሊመሩ ሰንሰለቶች ለመሰለፍ ጊዜ አያገኙም። ክሎሮቤንዚን 132፣ ዳይክሎሮቤንዚን ደግሞ 180 ዲግሪ ላይ ስለሚፈሉ ጊዜ ይሰጣሉ። ጊዜው ሲበዛ ግን ሁለቱ ቁሶች ተለያይተው በየፊናቸው ይጓጉላሉ፤ ኤክሳይቶኑም ድንበር ሳይደርስ ይሞታል።

ከፍጥነቱ እኩል የአሟሚው የማሟሟት አቅምም ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሥራ ያንኑ ፖሊመርና ፉለሪን (ኤሌክትሮን ተቀባይ የሆነ ኳስ መሰል የካርበን ሞለኪውል) አንዴ በቶሉዊን፣ አንዴ በክሎሮቤንዚን ቀባ። ቶሉዊን ፉለሪኑን በደንብ ስለማያሟሟው እብጠት እብጠት ያለ ንጣፍ ወጣ፤ ክሎሮቤንዚኑ ለስላሳ ሆነ። ቅልጥፍናው፣ ማለትም ሴሉ ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ድርሻ፣ ከ0.9 ወደ 2.5 በመቶ ዘለለ። የተቀየረው ፈሳሹ ብቻ ነው! እኔን ወደዚህ ሙያ የሳበኝ ይህ ውጤት ነው።

በዓይኔ ያየሁትን ልጨምር። ፒ3ኤችቲ የሚባለው ፖሊመር ሲሟሟ ብርቱካናማ ነው። በዳይክሎሮቤንዚን የቀባሁትን ገና እርጥብ ሳለ በመስታወት ሳህን ከደንኩትና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ዞረ፤ ሰንሰለቶቹ እየተደረደሩ ነበር። በማግስቱ ክዳኑን ረሳሁና ያው ድብልቅ በፍጥነት ደርቆ ፈዘዝ ያለ ቀለም ይዞ ቀረ።

ጥያቄ፦ ጥቂት ጠብታ ሌላ ፈሳሽ ይጨመራል ሲባል ሰማሁ። ለምን?

እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ፣ አልኬንዳይታዮል የሚባል ጨማሪ በትንሹ ገብቶ የአንድ ፖሊመር ሴል ቅልጥፍና ከ2.8 ወደ 5.5 በመቶ ወጣ። ዛሬ የታወቀው ዳይአዮዶኦክቴን ነው። ሁለቱም ከዋናው አሟሚ በጣም ዘግይተው ይተናሉ፤ ፉለሪኑን ያሟሙታል፣ ፖሊመሩን ግን አይወዱትም። ስለዚህ ፖሊመሩ ቀድሞ ይረጋል፣ ፉለሪኑ እየተንሳፈፈ ቆይቶ ክፍተቱን ይሞላል። ግን ዳይአዮዶኦክቴን ንጣፉ ውስጥ ከቀረ በብርሃን ጊዜ ሴሉን ያበላሸዋል፤ አውጥቶ መጨረስ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ከሀገራችን ሰው በዚህ የሠራ አለ?

አለ እንጂ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ወንድማገኝ ማሞ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሠርተዋል።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ልሞክረው?

ጨውን አዎ፣ ክሎሮቤንዚንን በፍጹም። ትነቱ መርዛማ ነው፤ ጭስ መምጠጫ በሌለበት ክፍል ጠርሙሱ እንኳ አይከፈት። ተመራማሪዎችም ኦርቶ-ዛይሊንን የመሰሉ ክሎሪን የሌላቸውን አሟሚዎች የሚፈልጉት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ አንድ አሠራር ድሬ ላይ ቢሳካ ሐረርም ይሳካል? (የኬሚስትሪ መምህር)

እንዳለ ከተገለበጠ ላይሳካ ይችላል፣ ወንድሜ። በግንቦት ከሰዓት ድሬ 35 ዲግሪ ስትሆን፣ ደንገጎን ወጥተህ ሐረር ስትደርስ ሹራብ ያምርሃል። ክሎሮቤንዚን ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲሞቅ የትነት ግፊቱ ከእጥፍ አያንስም፤ ሐረር ላይ ጊዜ ያገኘው ንጣፍ ድሬ ላይ ይቸኩላል። ተማሪዎችህ ከድብልቁ መጠን ጎን የክፍሉን ሙቀትና ንጣፉ የደረቀበትን ደቂቃ ይጻፉ።