በመኝታ ሰዓት ድምፅ እያወጡ መወዛወዝ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ጓደኛዬ የሜዲቴሽን ቅጂ ላከችልኝና ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። «የመጣልሽን ድምፅ ሁሉ አውጪ፤ ሰውነትሽም እንደፈለገ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስ» ይላል። አቃስታለሁ፣ አንጎራጉራለሁ፣ ትከሻዬን አወዛውዛለሁ። እውነቱን ለመናገር ቀለል ይለኛል። ግን ከእምነቴ ጋር ይጋጭ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ትከሻ ማፍታታት ኃጢአት አይደለም። ስታንጎራጉሪ የምታስወጪው ትንፋሽ ይረዝማል፣ የልብ ምትሽም ይረጋጋል። ሰውነታችን የተፈጠረው እንዲህ ነው። ስለዚህ ለምን ቀለለኝ ብለሽ አትደንግጪ።

በጸሎትም ቢሆን ሰውነት ሥራ አይፈታም። እንቆማለን፣ እንሰግዳለን፣ እጃችንን እንዘረጋለን። ሐና ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ እስኪገሥጻት ድረስ (1ኛ ሳሙ. 1፥13)። ዳዊትም ሌሊቱን ሁሉ መኝታውን በዕንባ ያርስ ነበር (መዝ. 6፥6)። አልጋ ላይ ማቃሰት በአንቺ አልተጀመረም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቅጂውን ቀን ላይ፣ ንቁ ሆነሽ እስከ መጨረሻው ስሚው። «አእምሮሽን ልቀቂ፣ ለሚመጣው ኃይል ራስሽን ክፈቺ» ካለሽ አጥፊው። የማን ኃይል? ስሙ ላልተነገረሽ ነገር በር አይከፈትም። አንዳንዱ ቅጂ ደግሞ የሌላ እምነት የጸሎት ቃል ያስደግማል፤ ሰሚው ምን እንደሚል እንኳ ሳያውቅ አብሮ ይላል። ቅዱስ ጳውሎስ «በመንፈስ እጸልያለሁ በአእምሮም ደግሞ እጸልያለሁ» ይላል (1ኛ ቆሮ. 14፥15)። ክርስቲያን ሲጸልይ አእምሮውን አያሰናብትም።

በቅጂው ትእዛዝ ያወጣሽውን ድምፅም ልሳን ነው የሚልሽ ካለ አትቀበዪው። ጋኔን ነው ብሎ የሚያስፈራራሽንም እንዲሁ።

ታዲያ ማታ ምን ታድርጊ? ሰውነትሽን አፍታቺ፣ በረጅሙ ተንፍሺ። ከዚያ ጸሎተ ንዋምን አድርሺ፤ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ለዚሁ ለመኝታ ሰዓት የተሠራ ነው። ቢደክምሽ መዝሙር 4 ብቻውን ይበቃል፤ «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የሚለው እዚያ ነው። አቅም ካለሽ ስገጂ። እሑድ ግን ቆመሽ ጸልዪ። ብዙ ሰው ይረሳዋል እንጂ በ325 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው በእሑድ ቆመን እንድንጸልይ አዟል። ከተኛሽ በኋላ «አቤቱ ማረኝ» እያልሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ዜማ ከመጣልሽም አንጎራጉሪው፤ ማን ይከለክልሻል?

አንድ ነገር ልጨምር። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ካስቆጠረ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፣ ሐኪም ዘንድም ሂጂ። «ጸሎት እያለ ሐኪም ምን ይሠራል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር።