ሞተሩን ተዉት፣ ጎማውን አመጣጥኑ

ከፍኖተ ሰላም አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጽፎልኛል። የትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ ለዓመት መዝጊያ ኤግዚቢሽን ወደ ሌላ ኮከብ የምትጓዝ መንኮራኩር ሞዴል ሠርቷል። የሳይክል ቸርኬ አጋድመው በመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ያዞሩታል፣ ዙሪያውን ውኃ የያዙ ኩባያዎች ተንጠልጥለውበታል። ሲዞር ኩባያዎቹ ወደ ውጭ ያጋድላሉ፣ ውኃው ግን አይፈስም። ሰው ሠራሽ ስበት ማለት ይኼ ነው ብለው ሊያሳዩ ነው። ችግሩን በራሱ ቃል ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ በመጀመሪያው ማርሽ ደህና ነው። ሁለተኛው ላይ ስናደርገው ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፊውዝ ይበላል። ሞተሩን ቀይረን አየነው፣ ያው ነው። ከላይ ሆኖ እንዲቀርጽ ስልክ ስናስርበት ደግሞ ይብሳል። መምህራችን በበኩሉ እውነተኛዋ መንኮራኩር ስበት ለመፍጠር ለምን ትንሽ የሚዞር ቀለበት እንደማይበቃት አስረዱ ብሎናል።»

ሞተሩ አይደለም። ደብዳቤውን ሳልጨርስ ነው ይህን ያልኩት። ሞተር ከታመመ በቀስታውም ላይ ያስታውቃል፤ ይንጫጫል፣ የካርቦን ሽታ ያመጣል። የእናንተው በቀስታ ሰላም ነው፣ በፈጣኑ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ ስልክ ሲጨመርበት ይብሳል፣ አዲስ ሞተር ሲገባለትም አልተሻለውም። ይኼ ክብደቱ ወዳንድ ወገን ያደላ ጎማ ነው። ግለቱም ፊውዙም ከዚያ የመጣ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፦ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሳትፈቱ ማንም እጁን ወደ ጎማው እንዳያስገባ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም። የመስታወት መጥረጊያ ሞተር መጥረጊያውን ወደ ቦታው መልሶ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ሽቦው እንደ መኪናው ከታሰረ ካጠፋችሁት በኋላም ጥቂት ይዞራል። ጉልበቱ ደግሞ ጣት አይምርም። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተፈታ ጸጉር አጠገቡ አይድረስ።

አሁን ወደ ላካችሁልኝ ፎቶ። የጎማው ሞዞ (የመሃሉ እምብርት) ከሞተሩ ዘንግ ጋር በሳልዳቱራ ተጣብቋል። ማን እንደበየደው አላውቅም፣ ግን እንዲህ ዓይነት ሥራ ሳይ ያናድደኛል። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ቀጥ ያለውን ያጣምመዋል። ደግሞ የዚያ ሞተር ዘንግ ያረፈው በቦኮላ (ኳስ በሌለው ተራ የብረት እጀታ) ላይ ነው፤ የተሠራውም የመጥረጊያ እጅ ሊያወዛውዝ እንጂ ሙሉ ጎማ ተሸክሞ ሊዞር አይደለም። በፊውዙ ቦታ ላይ ደግሞ የተጠማዘዘ ሽቦ አያለሁ። ያንን ዛሬውኑ አውጡት። የመኪና ባትሪ ሽቦን በአንዴ አቅልቶ ጠረጴዛ ማቃጠል ይችላል።

ብየዳውን በግራይንደር ቁረጡት። ሞዞው ከተጎዳ ከአሮጌ ሳይክል ላይ ፈትታችሁ ሌላ አምጡ። አዲስ ርካሽ አትግዙ፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው ቀሺም ኩሽኔታ (ሞዞው ውስጥ ያለው፣ ዘንጉ ላይ የሚያዞረው ባለ ኳስ ክፍል) ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ በእጅ ስታዞሩት ይንኳኳል፣ ግሪሱም ለስሙ ነው። ደህና ሆኖ ያረጀው ታጥቦ ግሪስ ሲቀባ ከሱ ይሻላል። ከዚያ ጎማው በራሱ ዘንግ ይቁም፦ ዘንጉን በሁለት ዳዶ ከወፍራም ቱቦላሬ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩት። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ሁለት እኩል ፑሌጃ (ቀበቶ የሚዞርበት ባለ ቦይ መዘውር) አሠሩ፣ አንዱ ለሞተሩ፣ አንዱ ለሞዞው። ቺንጋውን (ማዞሪያ ቀበቶውን) ከሳይክል የውስጥ ጎማ ቁረጡት። ጎማው ክብደቱን ራሱ ይሸከማል፣ ሞተሩ ማዞር ብቻ ይቀረዋል። የሆነ ነገር ከያዘውም ቺንጋው ይንሸራተታል እንጂ ጣት አይሰብርም።

ማመጣጠኑ የሚሠራው ጎማው ከመቆሚያው ወርዶ ነው። ሞርሳ ላይ እንደ ሳይክል ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ቺንጋውም ሞተሩም የሌለበት። በውኃው ፋንታ በየኩባያው እኩል የተመዘነ አሸዋ አድርጋችሁ አፉን እሰሩት፣ ስልኩንም በቦታው እሰሩ። ቀስ ብላችሁ አዙሩትና ልቀቁት። ከባዱ ጎን ወደ ታች ይመጣል። ከሱ በትክክል ትይዩ፣ ከላይ በኩል ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) እሰሩ። ደግሞ ልቀቁት። የትም ቦታ ብታቆሙት ባለበት እስኪቀር ድረስ ይኼን ደጋግሙ። ከስልኩ ፊት ለፊት ብዙ ሮንዴላ ቢጠይቃችሁ አይግረማችሁ፤ 200 ግራም ገደማ የሚመዝን ስልክ ነው።

የመምህራችሁን ጥያቄ የምመልሰው እዚያው ጎማው ላይ ሆኜ ነው። ወደ ውጭ የሚገፋው ነገር ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፣ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። የእናንተ ዓይነት ሞተር በመጀመሪያው በደቂቃ 45 ዙር ገደማ ይዞራል፣ በሁለተኛው 65 ገደማ። ፍጥነቱ ተኩል እንኳ አልጨመረም፣ ግፊቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በቀስታው ዝም ያለው ጎማ በፈጣኑ ጠረጴዛ የሚያንቀጠቅጠው በዚህ ነው። ከዘንጉ እስከ ኩባያው 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በ45 ዙር ኩባያው ላይ የሚመጣው ግፊት ከምድር ስበት 0.9 ያህል ነው። ኩባያዎቹን በጎን እዩዋቸው፦ ወደ 45 ዲግሪ ያጋደሉት ወደ ታች የሚስበውና ወደ ውጭ የሚገፋው ሊተካከሉ ስለተቃረቡ ነው። በ65 ዙር ግን የምድርን ስበት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ይኼን ለዳኞቹ በፕሮትራክተር ለኩና አሳዩዋቸው፣ ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል።

እንግዲህ ሰው ኩባያው ውስጥ ቁሙ ቢባል ነው ጉዳዩ የሚመጣው። ስበቱ ልክ እንደ ምድር እንዲሆን በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ 47 ዙር ያስፈልጋል። በ10 ሜትር ላይ 9.5 ዙር። 10 ሜትር ላይ የቆመ ሰው እግሩ ሙሉ ክብደት ሲሰማው ራሱ ከዚያ 17 በመቶ ያነሰ ይሰማዋል፤ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ደግሞ ጆሮው ውስጥ ያለው ሚዛን መጠበቂያ ይምታታበታል፣ ያጥወለውለዋል። ብዙ መሐንዲሶች ሰው ሳይቸገር ይኖርበታል የሚሉት በደቂቃ 2 ዙር ገደማ ነው፣ ለዚያ ከመሃል እስከ ዳር 224 ሜትር ያህል ይፈለጋል። በ1975 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው) በአሜሪካ ስታንፎርድ ላይ ለ10,000 ሰው የታቀደው የሕዋ መንደር ስፋቱ 1.8 ኪሎ ሜትር ሆኖ በደቂቃ 1 ዙር ነበር። ትንሽ ቀለበት ለምን አትበቃም ለሚለው መልሱ ይኼው ነው።

ሌላም አለ። እናንተ ጎማውን በዘንጉ ዙሪያ እንዲዞር በብረት ይዛችሁታል፣ ሕዋ ላይ ግን የሚይዝ የለም። መንኮራኩር የምትዞረው በራሷ የክብደት መሃል ዙሪያ ነው። ሰዎች ወዳንድ ጎን ሲሰበሰቡ፣ ጭነት ሲዛወር መሃሉም ይዛወራል፣ እሷም መንገዳገድ ትጀምራለች። ሮንዴላ አስሮ መገላገል የለም። ውኃ ከታንከር ወደ ታንከር በፓምፕ እያዛወሩ ሁልጊዜ ማመጣጠን ያስፈልጋል። በእውነት የተሞከረው ደግሞ ገና ጥቂት ነው፦ በ1966 ጀሚናይ 11 ከሌላ መንኮራኩር ጋር በ30 ሜትር ገመድ ታስራ ቀስ ብላ ዞረች፣ የተገኘው ስበት ግን ኢምንት ነበር።

በልብ ወለድ ሥዕሎች ላይ የቆመ አካል መሃል ቀለበት ብቻውን ሲዞር አያለሁ። የእናንተም ፖስተር እንደዚያ ነው። እባካችሁ ቀይሩት። ያ ቀለበት በኩሽኔታ ላይ ነው የሚዞረው፣ አየር የማያስወጣ ማሸጊያም ይፈልጋል፣ ሁለቱም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳያቆሙ መሥራት አለባቸው። ተራ ግሪስ አየር በሌለበት ይተናል። በ2007 በዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ላይ አንዱን የሶላር ክንፍ የሚያዞረው ትልቅ መገጣጠሚያ መንዘር ጀመረ፣ ሞተሩም ከወትሮው በላይ አምፒር ሳበ። የእናንተው ምልክት! ጠፈርተኞቹ ወጥተው ሲከፍቱት ውስጡ የብረት ብናኝ ሞልቶ አገኙት፣ ማለስለሻው አልበቃውም ነበር። በኅዳር 2008 ሰዎች ወጥተው ጠርገው ግሪስ ቀቡት፤ የግሪስ መቀቢያው ፈስሶ ሲያጸዱ አንድ የዕቃ ቦርሳ አምልጦ ተንሳፍፎ ሄደ። ይኼ እንግዲህ መለዋወጫ ከምድር በሚላክበት ቦታ ነው። ረጅም ጉዞ ከሆነ ሙሉዋ መንኮራኩር ትዙር። ኩሽኔታ የሌለበት ነገር ኩሽኔታው አይበላሽም።

ስበት ለምን እንደሚያስፈልግም በአንድ መስመር ጻፉ፦ ያለ ስበት ሰው ካልተከላከለ በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የዳሌ አጥንቱን ያጣል። ፖስተራችሁ ላይ «ፕሮክሲማ በ20 ዓመት» የሚለውን ግን አርሙት። ከፀሐይ ቀጥሎ የምትቀርበን ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንቶሪ በ4.24 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ናት። በ1977 የተላከችው መንኮራኩር ቮዬጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር እየሄደች ያንን ያህል ለመጓዝ 75 ሺህ ዓመት ገደማ ይወስድባታል። 20 ዓመት የሚለው በ2016 ይፋ ከሆነው፣ በሌዘር ከሚገፉ ጥቂት ግራም ከሚመዝኑ ሸራዎች ሐሳብ የመጣ ነው፤ ሰው አይጭኑም። ከ1973 እስከ 1978 እንግሊዞች የነደፉት ዴዳለስ የተባለው መንኮራኩር እንኳ በብርሃን ፍጥነት 12 በመቶ ሄዶ ሰው ሳይዝ፣ ሳይቆምም አልፎ የሚሄድ ነበር። ሰው ጭኖ እዚያ ደርሶ መቆም ከተፈለገ ዕድሜ ልክ የሚፈጅ ጉዞ ነው ብላችሁ ጻፉ፣ ቀለበታችሁም ትርጉም ያገኛል።

ሁሉም ተገጣጥሞ ሲያልቅ 10 አምፒር ፊውዝ አስገቡ፣ ቴስተሩን መስመሩ ላይ አድርጉና አምፒሩን በሁለቱም ፍጥነት ለኩ። መጀመሪያ ያለ ስልክ፣ ያለ ኩባያ፣ ከዚያ ሞልታችሁ። ሁለተኛው ላይ ከ5 አምፒር ካለፈ ቺንጋው ጠብቋል ማለት ነው። ላላ አድርጉትና ድገሙት፣ ኔጋቲቩን ፈትታችሁ ነው ታዲያ።