ማደባለቂያ ታንከሩን አሁን አይግዙ

በላቦራቶሪ ትናንሽ የብረት ሰሌዳዎች ላይ ጥሩ ውጤት የሰጠዎትን የሲሊካ ሶል-ጄል ፀረ-ዝገት ሽፋን (ብረቱ በፈሳሽ ተነክሮ ከወጣ በኋላ በሙቀት የሚጠነክር ስስ ሽፋን) ወደ ፋብሪካ ለማሸጋገር «ማደባለቂያ ታንከሩን ላስቀድም ወይስ ምድጃውን?» ብለው ጠይቀዋል። በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ነኝና ለጊዜው ሁለቱንም እንዳይገዙ እመክርዎታለሁ።

1. መጀመሪያ ሽፋኑን የደንበኛው ብረት እንደመጣ፣ ከነዘይቱና ከነብናኙ ይሞክሩት። በላቦራቶሪ ሰሌዳውን ራሳችን አለስልሰን በአሴቶን ስለምናጥበው ከ1 ማይክሮሜትር የሚቀጥን ሽፋን እንኳ አጥብቆ ይይዛል። እኔ ዘይቱን የሚያስወግደው የአልካሊ ማጠቢያ መስመር እንዲቀድም በጽሑፍ ሳሳስብ፣ ገንዘብ የሰጡን ሰዎች ግን ለጎብኚ የሚታይ ትልቅ ታንከር እንዲገዛ ወሰኑ። በዘይት ላይ ያረፈው ሽፋን ተላጠ፤ ታንከሩም ያለ ሥራ ቆመ። እስካሁን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

2. በኋላ ታንከሩ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ችግር ገጠመን። የሽፋኑ መነሻ የሆነው ፈሳሽ፣ ቴትራኢቶክሲሲላን፣ ከውሃና ከአሲድ ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ያወጣል፤ በትንሽ ብርጭቆ ሙቀቱ በቀላሉ ይወጣል፣ በትልቅ ዕቃ ግን ከፈሳሹ ብዛት አንጻር የግድግዳው ስፋት ስለሚያንስ ይጠራቀማል፤ ውሕደቱንም ያፋጥነዋል፤ ፈሳሹም ቶሎ ይወፍራል። የወፈረ ፈሳሽ ውስጥ የተነከረ ብረት በተለመደው ፍጥነት ቢወጣም ሽፋኑ ይወፍርና ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ጨመርን፤ የፈሳሹን ውፍረት ለማወቅም ከሥሩ ከተበሳ ኩባያ ፈስሶ የሚያልቅበትን ጊዜ በየፈረቃው መመዝገብ ጀመርን። ይህን መዝገብ የጀመርነው እኛ በመሆናችን እኮራለሁ።

3. የጨው ጭጋግ ፍተሻውን (በዓለም አቀፉ መስፈርት አይኤስኦ 9227፣ 5 በመቶ የጨው መፍትሔ፣ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ) ያሠራንበት ቢሮ «አላለፈም» የሚል አንድ ገጽ ሰጠን። ዝገቱ ከየት እንደጀመረ ስንጠይቅ «ማብራራት ሥራችን አይደለም» አሉን፤ ናሙናዎቹንም ለመመለስ አንገራገሩ። በብዙ ልመና ስንቀበላቸው ዝገቱ ሁሉ የተነሣው ከሹል ጠርዞች ነበር፤ ፈሳሽ ከሹል ጠርዝ እየሸሸ ስለሚቀጥን ማለት ነው። ጠርዞቹን አድበልብለን ያቀረብናቸው ክፍሎች አለፉ። እርስዎ የናሙና መመለስንና የፎቶግራፍ ማስረጃን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት በውሉ ያስጽፉ።

ምድጃውን በተመለከተ፣ የአየሩን ሙቀት ብቻ የሚያሳየውን መለኪያ አይመኑ። ቴርሞካፕሉን (የሙቀት መለኪያ ሽቦውን) በጣም ወፍራሙ ብረት ላይ አጣብቀው የማብሰያውን ጊዜ ብረቱ ራሱ ከጋለበት ሰዓት ጀምረው ይቁጠሩ፤ የሚያስፈልግዎትን የምድጃ መጠን የሚነግርዎት ይህ ልኬት ነው።